ከአማቱ ቀድሞ ያልጨረሰው ግንበኛ

ለብዙ ዓመታት የተጠየቅሁትን ብቻ እየመለስሁ ኖሬአለሁ። በኮሌጅ የግንባታ ንድፍ ሳስተምር በስብሰባ ላይ እጃቸውን ከማያነሡት መካከል ነበርሁ። አንድ ጊዜ አንሥቼ ስለ ነበር ምን እንደሚያስከትል አውቃለሁ፤ ዝርዝሩን ግን እዚህ አላነሣውም። ዝምታ ሲቆይ እንደ ዕውቀት ይቆጠራል። ሰዎች «እርሳቸው ብዙ ያውቃሉ፣ አይናገሩም እንጂ» ይሉኛል፤ እኔም ይህን ስም እንደ ካፖርት ደርቤው ኖርሁ። አሁን ብዕር ያነሣሁት ካፖርቱን ለማውለቅ አይደለም። አንዲት ፊርማ ዕረፍት ስለ ነሣችኝ ነው።

ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ሆሳዕና ውስጥ በሚገኝ አንድ የሙያ ብቃት ምዘና ማዕከል በውል ተቆጣጣሪ ሆኜ ተቀጠርሁ። ቤት መዋል አቅቶኝ ነበር። ጠዋት ከሰፈሬ ከጎፈር ሜዳ ተነሥቼ እስከ መናኸሪያው በእግሬ እሄዳለሁ፤ የምሸኘው ሰው ሳይኖረኝ ሚኒባሶቹ ሞልተው ሲወጡ አይቼ እመለሳለሁ፤ ከምሳ በኋላ ደግሞ እንደገና እወጣለሁ። የባጃጅ ነጂዎቹ ለምደውኝ «ጋሼ፣ ዛሬስ እንጫንዎት ወይስ መንገዱን እየለኩት ነው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ሥራው ሲመጣ ሳላመነታ ያዝሁት።

የሥራው አካሄድ ቀላል ነው። ሥራ ፈላጊው በቀበሌው ተመዝግቦ የሥራ ፈላጊ ካርድ ይይዛል፤ በመንግሥት ወጪ ይሠለጥናል፤ ከሥልጠናው በኋላ ይመዘናል። ሙያውን ከትምህርት ቤት ሳይሆን ከሥራ ያገኘው ሰው ጥቂት ቀን ብቻ ገለጻ ተሰጥቶት ወደ ምዘናው ይገባል። መዛኙ የተሠራውን ይለካል። ተቆጣጣሪው ደግሞ መዛኙንም ተመዛኙንም ይመለከትና በመጨረሻ ሪፖርት ሞልቶ ይፈርማል። ምዘናው በሚካሄድበት ሰዓት ተቆጣጣሪ ከተመዛኝ ጋር እንዳይነጋገር መመሪያው ይከለክላል። ለእኔ ተብሎ የተፈጠረ ሥራ መሰለኝ።

በዚያ ዓመት ሐቢቾ በሚባል ቦታ የትምህርት ቤት ክፍሎች ሊገነቡ ነበርና ሥራውን የያዘው ተቋራጭ የብቃት ማረጋገጫ ያላቸውን ግንበኞች ብቻ እንደሚቀጥር አስታወቀ። ወረቀት የሌለው፣ ዕድሜውን በሙሉ ግድግዳ ሲያቆም የኖረ ሰው ሁሉ ወደ ማዕከሉ ጎረፈ። በምዝገባው ዕለት ከመዝጋቢው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ ከቦኖሻ የመጣ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ተራው ደረሰ። ነጭ ቆብ አድርጓል፤ ሲሚንቶ በጥፍሮቹ ዙሪያ እንደ ኖራ ደርቆ ቀርቷል።

«የትምህርት ደረጃ?» አለው መዝጋቢው፣ ዓይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳያነሣ።

«አንተ የት ተማርህ?»

«እኔ? ቦኖሻ ነው፣ አንደኛ ደረጃን።»

«ከበሩ ሲገቡ በቀኝ ያለው ክፍል ነው በግራ ያለው?»

«በቀኝ ያለው። ምነው?»

«እርሱን የገነባሁት እኔ ነኝ። ደረጃዬ ያ ነው፤ ጻፈው።»

ወረፋው በሙሉ ሳቀ። መዝጋቢውም ራሱን እየነቀነቀ «አባ፣ ለዚህ የሚሆን ሳጥን አልተሠራም» አለ።

«ሥራለታ! እኔ ለአንተ ክፍል ሠርቼልህ የለም እንዴ?»

ከሽማግሌው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ የሁለቱንም ካርድ በፕላስቲክ ጠቅልሎ የያዘ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ቆሞ ነበር። መዝጋቢው «ልጅዎ ነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ልጄን የወሰደ ነው» አለ ሽማግሌው። «እርሷ አልበቃችውም፤ ሙያዬንም ወሰደ።»

አማቹ ፈገግ ብሎ መሬት መሬት አየ። አማቱ ተቀምጦበት በነበረው አግዳሚ ላይ ቦታ ነበር፤ እርሱ ግን ጠዋቱን በሙሉ ቆሞ አረፈደ። በእኛ ዘንድ አማች ከአማቱ እኩል አይቀመጥም፤ ከእርሱ ቀድሞ አይጎርስም፤ በር ላይ ቢገናኙ ወደ ኋላ ይላል። ይህን የሚያስተምር የለም፤ ልጅ ሆኖ ያየ ሰው ያውቀዋል። እኔም የሚስቴ አባት በሕይወት ሳለ አብሬው መንገድ ስሄድ እርምጃዬን አሳጥር ነበር።

ሽማግሌው አሻራ ሊሰጥ ወደ ሌላው ክፍል ሲገባ አማቹ ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«ጋሼ፣ የስም ዝርዝሩ ለተቋራጩ መቼ ነው የሚሄደው?»

«ከምዘናው በኋላ ባለው ሳምንት፣ ዐርብ።»

«በዚያው እሑድ ሰዎች ይነሣሉ» አለ።

ወዴት ብዬ አልጠየቅሁትም። በዚህ አገር ወጣት ሥራ ሲያጣ መንገዱ የታወቀ ነው፤ በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ነው። በየቤቱ አንድ ሰው እዚያ አለ። በእኔም ቤት አለ፤ ስለ እርሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

«ወረቀቱን ካገኘሁ እቀራለሁ፤ ካላገኘሁ አብሬአቸው እሄዳለሁ» አለኝ። «ሚስቴ አታውቅም። እርሳቸውም አያውቁም።» በአገጩ አማቱ ወደ ገባበት ክፍል ጠቆመ። ለምን ለእኔ እንደ ነገረኝ አላውቅም። ምናልባት የማይናገር ሰው ፊት አይቶብኝ ይሆናል።

ገለጻው የተሰጠው በማዕከሉ አዳራሽ ነው። አሠልጣኙ ቀልጣፋ ወጣት ነበር፤ በግድግዳው ላይ ምስል እያሳየ ስለ ሥራ ገበያ ሲናገር «በውድድር ዓለም ወንድም የለም! ከጎንህ ያለው ተፎካካሪህ ነው! ቅደመው!» አለ። ከጎናቸው የተቀመጡትን ሰዎች ዞረው ያዩት ግንበኞች በሳቅ ፈነዱ፤ አብዛኞቹ በአንድ ግድግዳ ላይ አብረው የሠሩ ናቸውና። የቦኖሻው ሽማግሌ ጮክ ብሎ «ልጄ፣ ከጎኔ ያለው ከቀደመኝ ግድግዳው ይንጋደዳል!» አለ። አሠልጣኙም አብሮ ሳቀና ወደሚቀጥለው ምስል አለፈ። አማቹ ከበስተኋላ፣ ከበሩ አጠገብ ነበር። እርሱ አልሳቀም።

ምዘናው ሐሙስ ጠዋት ተካሄደ። ግቢው በቆርቆሮ የታጠረ ነው፤ መሬቱ ላይ በቀለም ቁጥር ተጽፎ ለእያንዳንዱ ተመዛኝ ቦታ ተለይቷል። ሰባት ረድፍ ብሎኬት፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ፣ ቱንቢውና ውሃ ልኩ ሳይዛባ መቆም አለበት። ረድፉን ቀጥ የሚያደርገውን ስፓጎ እያንዳንዱ ራሱ ወጥሮ፣ አንዱ ረድፍ ሲያልቅ ራሱ ወደ ላይ ያነሣዋል። ሁለቱ ተከታትለው ስለ ተመዘገቡ ቁጥራቸውም ተከታተለ፤ አማቱ ሰባት፣ አማቹ ስምንት።

ሰዓቱ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ አማቹ መጣ።

«ጋሼ፣ ማዶ ዳር ላይ ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ ሰውየው አልመጣም። እኔ ወደዚያ ብሄድስ?»

«ቁጥርህ ስንት ነው?»

«ስምንት።»

«እንግዲያው ስምንት ላይ ቁም።»

አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ አማቱ በአጠገባችን ስፓጎውን እያሰረ ነበርና ዘጋው። «እሺ» ብሎ ሄደ። ለምን እንደ ፈለገ አልጠየቅሁትም። መጠየቅ እችል ነበር፤ ሰዓቱ ገና ስላልጀመረ መመሪያውም አይከለክለኝም ነበር።

መዛኟ ከሌላ ክልል የመጣች፣ ሥራዋን የምታከብር ወጣት ባለሙያ ናት። «ጀምሩ!» ስትል ግቢው በሙሉ መንኳኳት ጀመረ። የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ምንም አላስተዋልሁም። በሁለተኛው ላይ አማቹ የግንበኛ ማንኪያውን በውሃ ሲያጥብ አየሁት፤ የቆሸሸ ግን አልነበረም። በሦስተኛው ላይ ውሃ ልኩን አንድ ጊዜ አስቀምጦ ያየውን ብሎኬት እንደገና፣ ከዚያም እንደገና አየው። ቀና ስል የሁለቱን ግድግዳ አንድ ላይ ተመለከትሁ። የአማቹ ግድግዳ ከአማቱ አንድ ረድፍ ዝቅ ብሎ ቆሟል። ሽማግሌው ስፓጎውን ሲያነሣ እርሱም ያነሣል፤ ሽማግሌው እስኪጨርስ እርሱ መጋጠሚያዎቹን ያብሳል፣ የፈሰሰ ሲሚንቶ ይለቅማል፣ የለወሰውን ደግሞ ይለውሳል። በአራተኛው ረድፍ ላይ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ማዶ ዳር ያለውን ቦታ የጠየቀኝ አማቱን ላለማየት፣ በአማቱም ላለመታየት ነበር።

መዛኟ ጋ ሄጄ አንድ ቃል መናገር እችል ነበር፤ ከመዛኝ ጋር መነጋገር የተፈቀደ ነው። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ተቀመጥሁ። ግቢውን ዞርሁት። የማያስፈልግ ነገር በደብተሬ ጻፍሁ። የእጄን ሰዓት ከእርሷ ሰዓት ጋር አመሳከርሁ፤ ልክ ነበር።

«አሥር ደቂቃ ቀርቷል!» አለች መዛኟ።

ሽማግሌው በሰባተኛው ረድፍ መጨረሻ ላይ ነበር። ሥራው ያማረ ነው፤ መጋጠሚያው ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ግድግዳው እንደ ተላገ እንጨት የለሰለሰ ነው። የመጨረሻውን ብሎኬት አስቀመጠ፣ በማንኪያው እጀታ መታ መታ አደረገው፣ ውሃ ልኩን አየና እጁን በሱሪው ጠረገ። አማቹ ያን ጊዜ ስፓጎውን ወደ ሰባተኛው ረድፍ አነሣ። እንዴት እንደ ሠራ ለመግለጽ ይቸግረኛል። ከጎኑ ያሉት ተመዛኞች የራሳቸውን ሥራ ትተው ዞረው አዩት። ሦስት ብሎኬት አከታትሎ አስቀመጠ፤ አራተኛውን በእጁ እንደ ያዘ መዛኟ «ሰዓት አበቃ! ሁሉም እጁን ያንሣ!» አለች። ብሎኬቱን ቀስ ብሎ፣ የሚሰበር ዕቃ እንደሚያስቀምጥ ሰው፣ መሬት ላይ አኖረው።

በሪፖርቱ ላይ፣ በምዘናው ወቅት የታየ ችግር ካለ እንዲጻፍበት በተተወው መስመር፣ «ምንም ችግር አልነበረም» ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩም ፈረምሁ።

በማግሥቱ ውጤቱ በግቢው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። እኔ በመስኮት ቆሜ አያቸው ነበር። ሽማግሌው ማንበብ ስለማይችል አማቹ በጣቱ እየተከተለ አነበበለት።

«እርስዎ አልፈዋል አባ። ‹ብቁ› ይላል።»

«አንተስ?»

«እኔ በሚቀጥለው ዙር።»

ይህን ያለው ሚኒባስ አምልጦት የሚቀጥለውን እንደሚጠብቅ ሰው አድርጎ ነው። ሽማግሌው ሰሌዳውን ማንበብ እንደሚችል ሰው ትኩር ብሎ አየውና ቆቡን አስተካክሎ ወጣ።

ቅሬታ ማቅረቢያው ሦስት የሥራ ቀን ነው፤ እስከ ረቡዕ መሆኑ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አማቹን ፍለጋ ወጣሁ። ከገበያው በላይ አንድ የጉራጌ ነጋዴ የሚያሠራውን ሱቅ ግድግዳ ሲለስን አገኘሁት። ከመሰላሉ ወርዶ ሰላም አለኝ።

«ቅሬታ ማቅረብ ትችላለህ» አልሁት።

«ምን ብዬ ነው ጋሼ?»

«የሆነውን ብለህ።»

«የሆነው ሰዓት አለመብቃቱ ነው።»

«እኔ አይቻለሁ።»

ማንኪያውን በእጁ አገላበጠው። «ካዩ እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ግን ‹አማቴን ስጠብቅ ጊዜ አለቀብኝ› ብዬ በወረቀት ልጻፍ? አማቴ ቀርፋፋ ነው ማለት አይደል? ያ ወረቀት ከቢሮ ወጥቶ ቦኖሻ ይደርሳል። እኔ ሞያሌ ሳልደርስ እርሱ ቦኖሻ ይደርሳል።»

ባለ ሱቁ ከውስጥ ብቅ አለ። «ጋሼ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብዎ! እርሱ ሲያወራ ሲሚንቶው እየደረቀ ነው፤ ከፈለጉ ወደ ላይ ወጥተው ያዋሩት።»

አማቹ ሳቀና ወደ መሰላሉ ተመለሰ። አንድ ደረጃ ከወጣ በኋላ «ማዶ ያለውን ቦታ ጠይቄዎት ነበር» አለኝ። ድምፁ ውስጥ ወቀሳ አልነበረም። ወቀሳ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜና እሑድ አንድ ቦታ መቀመጥ አልቻልሁም። ወደ መናኸሪያው ሄድሁ፤ ከዚያ ወደ ገበያው፤ ከገበያው ደግሞ ወደ ማዕከሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ተዘግቶ እንደሚውል እያወቅሁ ከበሩ ደርሼ ተመለስሁ። አማቹ ቅሬታ ካላቀረበ ጉዳዩ የለም። እኔ በእርሱ ስም ማቅረብ አልችልም። በእኔ ስም ያለ አንድ ነገር ግን ነበር፤ እርሱም ሪፖርቱ ነው። ተቆጣጣሪ የተሳሳተ ሪፖርት ከፈረመ አርሞ ማቅረብ ይችላል። በዚህ ዓይነት ሽማግሌውን ሳልነካ መጻፍ ይቻለኛል ብዬ አሰብሁ፤ አማትና አማችን ጎን ለጎን ያቆምሁት እኔ ነኝ፤ ባዶ ቦታ እያለ የከለከልሁትም እኔ ነኝ። አራት ጊዜ ጽፌ ቀደድሁት። በኮሌጅ ሳለሁ ተማሪዎቼን ስሕተት የሠራ እጅ ራሱ መስመሩን ይሰርዝ እላቸው ነበር። ለመናገር ቀላል ነገር ነው።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ለማዕከሉ ኃላፊ ሰጠሁት። አንብቦ መዛኟን አስጠራት።

«እኔ ሰዓቱን በትክክል ነው የያዝሁት» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ።

«በትክክል ነው የያዝሽው» አልኋት።

«ታዲያ መቅደም እየቻለ ለምን አልቀደመም? ፈተና እኮ ነው ጋሼ! የሠርግ ግብዣ አይደለም።»

ኃላፊው የአካባቢው ልጅ ነው፤ ፈገግታውን በእጁ ሸፈነ። «አንቺ የአማትሽን ፊት ገና አላየሽም» አላት። ወደ እኔ ሲዞር ግን ፈገግታው ጠፍቶ ነበር። «ጋሼ፣ ሐሙስ ‹ምንም ችግር አልነበረም› ብለው ፈርመዋል። ዛሬ ‹ነበረ› ይላሉ። የትኛውን ልመን?»

«የዛሬውን።»

«የሐሙሱስ?»

«የሐሙሱ ውሸት ነበር።»

ይህን ቃል ስለ ራሴ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁለቱም ቀና ብለው አዩኝ። ኃላፊው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ይህ ውልዎን ሊነካው ይችላል» አለ። እንደሚነካው አውቅ ነበር፤ ነካውም። «አንድ ነገር ግን ይቀራል። የእርስዎ ቃል ብቻውን አይበቃኝም። ከጎኑ፣ ሰባት ቁጥር ላይ የነበረው ተመዛኝ ቃሉን መስጠት አለበት።»

ከጎኑ የነበረው ተመዛኝ ማን እንደ ሆነ ሦስታችንም እናውቃለን። ሽማግሌውን ላለመንካት ብዬ የሠራሁት ሁሉ በአንድ ዐረፍተ ነገር ፈረሰ። ኃላፊው ስልኩን አነሣ።

ሽማግሌው ረቡዕ ከቦኖሻ መጣ። እስኪመጣ ድረስ ያለፉትን ሁለት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍሁ አላስታውስም፤ እግሬን እንደ ደከመኝ ብቻ አስታውሳለሁ። ገብቶ «አሰላሙ ዓለይኩም» አለ፤ ወንበር ሲሰጡት ተቀመጠ። ኃላፊው ነገሩን እንዴት እንደሚጀምር ቸግሮት ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ እንሰቱ ጠየቀው። ሽማግሌው ለሁሉም «አልሐምዱሊላህ» ሲል ቆይቶ በመጨረሻ «ስለ ልጁ ነው የጠራችሁኝ» አለ።

«አዎ አባ። በምዘናው ቀን ከጎንዎ ሲሠራ ምን አዩ?»

«ሲጠብቀኝ አየሁ።»

መዛኟ መጻፏን አቆመች። እኔም ዓይኔን ከወለሉ አነሣሁ።

«ከየት ጀምሮ ነው ያዩት?»

«ከሦስተኛው ረድፍ።»

«ታዲያ ለምን ‹እለፈኝ› አላሉትም?» አለች መዛኟ።

ሽማግሌው ዞሮ አያት። አልተቆጣም። «ደስ አለኛ!» አለ። «ያን ሁሉ ሰው ከፊታችን አቁማችሁ፣ ሁሉም ሲሽቀዳደም፣ አንዱ ብቻ እኔን ሲጠብቅ አየሁ። ልጄን ለማን እንደ ሰጠሁ ሰው ሁሉ ይይልኝ ብዬ ደስ አለኝ። ጥቂት እየጠበቀኝ መስሎኝ ነበር፤ ይደርሳል ብዬ ነበር። ሰዓቱን ረሳሁት።» ቆቡን አውልቆ በጉልበቱ ላይ አኖረው። «ሰኞ ልጄ ደወለችልኝ። ልብሱን በሻንጣ ሲከት አግኝታዋለች። ወዴት እንደሚሄድ አልነገራትም። እኔ ግን ልብሱን በሻንጣ የሚከት ሰው አይቼ አውቃለሁ። እንደገና መዝኑት፤ እኔ በሌለሁበት መዝኑት። የሚፈረም ካለ አምጣ፣ ጣቴን ላሳርፍ።»

ድጋሚ ምዘናው በማግሥቱ ሐሙስ እንዲሆን ተወሰነ፤ ዐርብ ዝርዝሩ ስለሚሄድ ሌላ ቀን አልነበረም። ለአማቹ የተነገረው የማዕከሉ ስሕተት ስለ ተገኘ እንደገና እንደሚመዘን ብቻ ነው። ቁጥጥሩ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ እኔ ግቢው ውስጥ የመግባት መብት አልነበረኝም። ቤቴ እንድውል ለራሴ ነግሬው ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ግን ከቆርቆሮው አጥር ውጭ ተገኘሁ። ሽማግሌው ቀድሞኝ መጥቶ፣ በተከመረ የብሎኬት ስብርባሪ ላይ ተቀምጧል። ቦታ ለቀቀልኝ። አልተነጋገርንም።

አጥሩ ማየት ይከለክላል፤ መስማት ግን አይከለክልም። መዛኟ «ጀምር» ስትል ሰማን። ከዚያ የማንኪያው ድምፅ መጣ፤ ሲሚንቶውን ሲቆርጥ፣ ሲዘረጋ፣ ብሎኬቱን በእጀታው ሁለቴ ሲመታ። ሽማግሌው ዓይኑን ጨፍኖ በሀዲይኛ ይቆጥር ጀመር፤ ስምንት ብሎኬት ሲሞላ አንድ ጣቱን አጠፈ።

«ረድፍ» አለኝ። «አሁን ስፓጎውን እያነሣ ነው።»

ሁለተኛውን ጣት ሲያጥፍ ሰዓቴን አየሁ፤ የተሳሳተ መሰለኝና ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ሦስተኛው ታጠፈ። ድምፁ አልተጣደፈም፤ አንድ ጊዜም ግን አልቆመም። በአራተኛው ላይ ሽማግሌው መቁጠሩን በአፉ ትቶ በከንፈሩ ብቻ ቀጠለ። አምስተኛውን ካጠፈ በኋላ ሌላኛውን እጁን አነሣ። ሰባተኛው ጣት ሲታጠፍ ከግቢው ውስጥ የመዛኟ ድምፅ ተሰማ።

«ጨረስህ? ገና ከአንድ ሰዓት በላይ አለህ እኮ! እርግጠኛ ነህ?»

«ጨርሻለሁ።»

ቀጥሎ ረጅም ጸጥታ ሆነ፤ እየለካች መሆን አለበት። «ቱንቢው ልክ ነው» አለች፤ ቆይታም «ውሃ ልኩም ልክ ነው»። ከዚያ ሳቀች። መዛኝ በምዘና መካከል ሲስቅ ሰምቼ አላውቅም። ውጤቱ ከዚያ በኋላ የሚያጠያይቅ አልነበረም፤ ዐርብ ዕለት ስሙ ከአማቱ ስም ጋር ወደ ሐቢቾ ሄደ፤ እሑድ የተነሡት ሰዎችም እርሱን ሳይዙ ተነሡ።

ሽማግሌው ግን የታጠፉትን ጣቶቹን ገና አልዘረጋቸውም ነበር።

«ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል» አለኝ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ከእኔ አንድ ረድፍ በታች ነበር። እኔ እኮ ለልጄ ‹ባልሽ ጎበዝ ነው፣ እጁ ግን ቀርፋፋ ነው› እያልሁ ስነግራት ነው የኖርሁት።»

በግቢው ውስጥ አማቹ ዕቃውን ማጠብ ጀምሯል፤ ውሃው ከባልዲው ሲገለበጥ ይሰማል። ሽማግሌው ድንገት ተነሥቶ ክንዴን ያዘኝ።

«ተነሥ፣ እንሂድ። ሲወጣ እዚህ እንዳያገኘን።»

«ደስ ይለው ነበር እኮ» አልሁት።

«ፍጥነቱን መስማቴን ካወቀ ያፍርና ሐቢቾ ላይ ደግሞ ይጠብቀኛል» አለና በአጥሩ ጥግ አድርጎ ወደ መናኸሪያው መውረድ ጀመረ። ጭቃው ያዳልጥ ነበር፤ እርሱ ግን እየሮጠ ነው ማለት ይቻላል።